ከእንዝርት እስከ ጋሻ፦ የአድዋ ዘመን አለባበስና ለልጆች የሚሰፋው የበዓል ልብስ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የካቲት 23 ቀን በተቃረበ ቁጥር በብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ መጥቷል። ተማሪዎች የዘወትር የደንብ ልብሳቸውን ለአንድ ቀን አስቀምጠው፣ የአድዋን ዘመን ሰዎች መስለው እንዲመጡ ይነገራቸዋል። በዋዜማው ሳምንት በየቤቱ መርፌና መቀስ ይወጣል፤ የአያት ጋቢ ከሣጥን ይነሣል፤ አሮጌ ሰፌድ ከተሰቀለበት ወርዶ ጋሻ ይሆናል። አቅም ያለው ወላጅ ከገበያ በወርቃማ ጥልፍ ያጌጠ ካባና የሚያብረቀርቅ ዘውድ ይገዛል፤ አቅም የሌለው ደግሞ በቤቱ ያለውን ያገላብጣል። በዓሉ በሚከበርበት ማለዳ የትምህርት ቤቱ ግቢ በትናንሽ ነገሥታትና በትናንሽ እቴጌዎች ይሞላል።

ልማዱ የሚያስደስት ነው። የድል መታሰቢያ ከመጽሐፍና ከሐውልት ወርዶ የልጆች ጨዋታ መሆኑ፣ ታሪኩ ገና በሕይወት እንዳለ ያመለክታል። ሆኖም ልብሱ የጨዋታ ዕቃ ብቻ አይደለም። ልጁ ስለ አድዋ በቃል ከተነገረው ይልቅ በትከሻው ላይ የተሸከመውን ያስታውሳል። ስለዚህም ወላጅ ጨርቁን ሲቆርጥ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ያን ጦርነት ማን እንደተዋጋው፣ በምን እንደተዋጋውና በማን ድካም እንደተቻለ ለልጁ እየነገረው ነው። ይህ ጽሑፍ በዚያ ዘመን ምን ይለበስ እንደነበረ፣ ልብሱና ትጥቁ በማን እጅ ይሠራ እንደነበረ፣ ይህም ዕውቀት በቤት ውስጥ ለሚሰፋው የልጅ ልብስ ምን እንደሚያተርፍ ለማመልከት ይሞክራል።

ልጆችን ለትርኢት ማልበስ በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ፣ መምህርና ጸሐፌ ተውኔት የነበሩት ዮፍታሔ ንጉሤ ተማሪዎችን አሰልጥነው ለመድረክ ያበቁ ነበር። ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው የወላጆች በዓል ላይ ከእናት የተዋሰ ነጠላና ከአባት የተዋሰ ካፖርት መድረክ ላይ ያልወጣበት ትምህርት ቤት አይገኝም ማለት ይቻላል። የዛሬው ልዩነት፣ መድረኩ ሰፍቶ የትምህርት ቤቱን ልጆች በሙሉ ማቀፉ ነው። ሁሉም ልጅ በሚለብስበት ቀን ደግሞ፣ የማን ልብስ «እውነተኛ» ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል አይሆንም።

ምስክሮቹና ጉድለታቸው

ለልጁ ልብስ የሚሰፋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መነሻ የሚያደርገው ሥዕልን ነው። የአድዋን ጦርነት የሚያሳዩት ባህላዊ ሥዕሎች የታወቁ ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ ወገን ጃንጥላ ተይዞላቸው፣ እቴጌይቱ በፈረስ ላይ ሆነው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ ወርዶ፣ ሁለቱ ሠራዊቶች ፊት ለፊት ተሰልፈው ይታያሉ። እነዚህን ሥዕሎች ለማንበብ ሥርዓታቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሠዓሊው ወገኑን በሙሉ ፊት፣ ጠላትን ግን በጎን ፊት የሚሥለው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግና ክፉ ከሚለይበት ልማድ ተነሥቶ ነው። ልብሱም እንደዚሁ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው ወታደር ሁሉ ልብሱ ንጹሕ፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ጋሻውም የተሸለመ ነው። ሠዓሊው የሚነግረን የሠራዊቱን ክብር እንጂ ከወራት ጉዞ በኋላ በሰውነቱ ላይ የቀረውን ጨርቅ አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር ፎቶግራፍ ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ ዘመንን የማደባለቅ ስሕተት ይፈጸማል። የአንበሳ ጎፈር ደፍተው በክብር የቆሙ መኳንንትን ከሚያሳዩት ፎቶግራፎች መካከል ብዙዎቹ የተነሡት በአድዋ ዘመን ሳይሆን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ወይም በ1928 ዓ.ም. ጦር ወደ ሰሜን ሲከት ነው። ጎፈሬውን ያሳደገ፣ ካኪ ኮትና ተነፋነፍ ሱሪ የለበሰው አርበኛም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የታገለው ትውልድ መልክ ነው። ሁለቱም የክብር ልብሶች ናቸው፤ ነገር ግን የአባትና የልጅ ያህል የዘመን ርቀት አላቸው። የ1888ን ዘማች በ1928 አርበኛ ልብስ ማልበስ ሁለቱንም ታሪኮች ማሳጠር ይሆናል።

ሦስተኛው ምስክር ራሱ ዕቃው ነው። በብሔራዊ ሙዚየም፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ እንዲሁም በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ በተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የዘመኑን ቅርስ በዓይን ማየት ይቻላል። ነገር ግን በቅርስነት በብዛት የሚቆየው የመኳንንት ልብስና ትጥቅ ነው። ከፋይ፣ ሐርና ብር በሣጥን ይቀመጣሉ፤ የተራው ወታደር ሸማ ግን ተለብሶ፣ ተተልትሎ፣ ቁስል ታስሮበት፣ ሙት ተገንዞበት አልቋል። ሙዚየም ያላስቀረውን ልብስ በአእምሮ መልሶ መሥራት የታሪክ ተመልካች ድርሻ ነው።

የዘማቹ ሸማ

በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የተነሣ የተጀመረው ጠብ ወደ ጦርነት በተለወጠ ጊዜ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ አስነገሩ። ጦሩ በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወረኢሉ በኩል ወደ ሰሜን ገሠገሠ። ኅዳር ላይ አምባላጌ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ መቀሌ፣ የካቲት ላይ አድዋ ደረሰ። በአድዋ የተሰለፈው ጦር መቶ ሺህ ያህል ሰው እንደነበረ ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በባዶ እግሩ የተጓዘ ገበሬ ነው። ደመወዝተኛ ሆኖ የደንብ ልብስ የተሰጠው ሠራዊት አልነበረም። የለበሰውን ከቤቱ ለብሶ መጣ፤ የሚበላውንም ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ተሸክሞ መጣ።

ልብሱ ጥቂት ነበር። አጭር ሱሪ፣ ያለው እንደሆነ እጀ ጠባብ፣ በላዩም ሸማ። ሸማው በቀን ልብስ፣ በሌሊት መኝታ፣ በብርድ መከናነቢያ፣ በጉዞ እህል መቋጠሪያ ነው። በዘመኑ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ይገባ የነበረው አቡጀዲም ለሱሪና ለእጀ ጠባብ ያገለግል ነበር። ባላባቱና ሹሙ ሰፊ ቀይ ጥለት ባለው ጃኖ ይታወቃል። በጃኖና በተራው ሸማ መካከል የነበረው ልዩነት የአንድ ቀይ መስመር ልዩነት ይመስላል፤ ዘመኑ ግን ማዕረግን በዚያ መስመር ያነብ ነበር።

ከልብሱ ይልቅ አለባበሱ ይናገራል። ሰው በበላዩ ፊት ሲቆም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ይታጠቃል፤ ይህም ማደግደግ ይባላል። ኀዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቱ አዙሮ ይለብሳል። ለሥራና ለውጊያ የተነሣ ሰው ሸማውን በወገቡ ጠበቅ አድርጎ ያስራል። እንግዲህ ለአንድ ልጅ ሸማ ከማልበስ በፊት፣ ወይም ከማልበስ ጋር፣ እንዴት እንደሚታጠቀው ማስተማር ይገባል። ይህ ምንም ወጪ የሌለው የልብሱ ክፍል ነው፤ በአያት አፍና እጅ ብቻ ይተላለፋል። ልጁ በመምህሩ ፊት አደግድጎ፣ በሰልፉ ላይ ታጥቆ ቢታይ፣ በወርቃማ ጥልፍ ካጌጠው ጓደኛው ይልቅ ለዘመኑ የቀረበ እሱ ነው።

ሸማውን ማን ሠራው?

በአድዋ ተራሮች ላይ የታየው ነጭ ጨርቅ ከሴቶች እጅ የወጣ ነው። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። ይህ ሁሉ ከወፍጮና ከውኃ መቅዳት በተረፈ ሰዓት የሚሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ፈትሉ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ሸማኔው ከመሬት በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ ድሩን ወጥሮ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ይሸምናል። ድርና ማግ ሆኖ ከተገናኘው ከዚያ ክር ውስጥ የስንት እናት ምሽት እንዳለ የሚቆጥር የለም።

ይህ ብቻ አይደለም። ጋሻውን የሠራው ቆዳ አልፊ፣ ጦሩን የቀጠቀጠው ብረት ሠሪ፣ ብሩን ያፈሰሰው አንጥረኛ፣ ሁሉም በሥራቸው ስም የሚሰደቡ፣ ከባላገሩ ጋር በማዕድም በጋብቻም የማይቀላቀሉ ሰዎች ነበሩ። ሀገሩ በእጃቸው ለብሶ፣ በእጃቸው ታጥቆ፣ ስማቸውን ግን ለስድብ ያውለው ነበር። ከድሉ በኋላ ባሉት ዓመታት ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ ልማዱ የቱን ያህል የከረረ እንደነበረ ያስረዳል። አዋጅ ልማድን በአንድ ቀን አልሻረውም። ዛሬ ልጅ የአድዋን ልብስ ሲለብስ የሸማኔውና የቀጥቃጩ ስም በበዓሉ ላይ ካልተነሣ፣ ያ የቆየ ግፍ በዝምታ ይቀጥላል ማለት ነው።

ጎፈርና ለምድ

ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ጎፈርን ነው። ጎፈር ከአንበሳ ጋማ የሚሠራ የራስ ጌጥ ሲሆን የጀግንነትና የማዕረግ ምልክት ነው። ለምድ ደግሞ በትከሻ ላይ የሚጣል አጭር ካባ ነው። መነሻው የአውሬ ቆዳ፣ ማለት የአንበሳ፣ የነብር፣ ወይም እጅግ የሚከበረው የጥቁር ገሰላ ቆዳ ነው። የቆዳው የእግር ክፍሎች ሳይቆረጡ በፊትና በኋላ ይንጠለጠላሉ። እያደር ለምድ ከከፋይና ከሐር፣ በወርቅና በብር ጥልፍ ተሸልሞ መሠራት ሲጀምር፣ ሠሪዎቹ እነዚያን የተንጠለጠሉ እግሮች አልተዉአቸውም፤ በጨርቅ ቆርጠው አስቀሩአቸው። በነገሥታትና በመኳንንት ሥዕል ላይ ከካባው ጫፍ የሚወርዱት ረዣዥም ዘለበቶች የጥልፍ ባለሙያ ፈጠራ ብቻ ሳይሆኑ የአውሬው እግር ትዝታ ናቸው። ለምድ የሚሰፋ ወላጅ ይህን ካወቀ፣ ዘለበቶቹን እንደ ትርፍ ጌጥ ቆርጦ አይጥላቸውም፤ ልጁም «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሰው አያጣም።

ሁሉም ዘማች ጎፈር አልደፋም፤ ለምድም አልለበሰም። ከሺህ ሰው መካከል የጥቂቶች ሽልማት ነበር። ብዙው ሰው ራሱን በሻሽ ያስር ወይም እንዲሁ ገልጦ ይሄድ ነበር፤ በትግራይ መኳንንት ዘንድ ደግሞ ጠጉርን መሠራት የተለመደ ነበር። የምኒልክም የታወቀ መልክ በዘውድ ብቻ አይደለም፤ ራሳቸውን በሻሽ አስረው በላዩ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው የሚታዩባቸው ፎቶግራፎች ብዙ ናቸው። ዘውድ ያልተገዛለት ልጅ በሻሽና በአሮጌ ባርኔጣ ምኒልክን በሚገባ ሊመስል ይችላል።

ትጥቁ

የዘመኑ ጋሻ ክብ፣ መካከሉ ጎበጥ ያለ፣ ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከአውራሪስ ቆዳ የሚሠራ ነው። የተራው ሰው ጋሻ ቆዳው እንዳለ ይታያል፤ የሹሙ ጋሻ በከፋይ ተለብጦ በብር ፈርጥ ይሸለማል። ጎራዴው በቀይ ቆዳ በተለበጠ አፎት ገብቶ በስተቀኝ ጎን ይታጠቃል። ይህን ልብ ማለት ያሻል፤ የውጭ ሀገር ፊልም ያየ ልጅ በስተግራ ይታጠቀዋልና።

ይሁን እንጂ የአድዋ ጦር የጦርና የጋሻ ጦር ብቻ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ለዓመታት ጠመንጃ ሲያከማቹ ቆይተዋል፤ ከሠራዊቱ ብዙው ክፍል ጠመንጃ የያዘ ነበር፤ መድፍም ነበረ። ስናድርና ውጅግራ የሚሉት ስሞች ከአውሮፓ ስያሜዎች ወደ አፋችን የገቡት በዚያ ዘመን ነው። ድሉ ዘመናዊ መሣሪያ በእጃቸው ባልነበረ ሰዎች በተአምር የተገኘ አድርጎ ለልጅ ማሳየት፣ የዝግጅቱን፣ የዲፕሎማሲውንና የአመራሩን ሥራ መካድ ይሆናል። ስለዚህ በሰልፉ ላይ ከጦረኛው ጎን ዝናር የታጠቀ ልጅ ቢኖር እውነት ነው።

የሴት ልጅ ድርሻ

ሴት ልጅ ለዚህ ቀን ስትለብስ አንድ መልክ ብቻ የሚሰጣት ጊዜ ይበዛል፤ እሱም የእቴጌ ጣይቱ ነው። እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው የዘመቱ፣ በመቀሌው ከበባ ጠላት ከሚቀዳበት ምንጭ እንዲለይ ምክር የሰጡ፣ በአድዋም ዕለት በጦሩ ሜዳ የተገኙ ናቸውና ክብሩ ይገባቸዋል። ነገር ግን ከእሳቸው በስተኋላ ስማቸው ያልተመዘገበ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ነበሩ። በሶና ቆሎ ያዘጋጁ፣ ድርቆሽ ያደረቁ፣ እህል የፈጩ፣ በውጊያው ቀን በገምቦና በቅል ውኃ ተሸክመው በተኩስ መካከል የተመላለሱ፣ ቁስለኛ ያነሡ ናቸው። ያለ እነሱ የወራቱ ጉዞ አይታሰብም።

የእነዚህ ሴቶች ልብስ በብዙ ቤት ዛሬም አለ። ሰፊ ነጭ ቀሚስ፣ ወገብን አጥብቆ የሚይዝ መቀነት፣ ነጠላና ቅል ነው። ቅሏን በጀርባዋ ያነገተች ልጅ የሚያብረቀርቅ ዘውድ አልደፋችም ብሎ የሚያዝን ካለ፣ ታሪኩን ገና አልሰማም።

በቤት ሲሠራ

ከዚህ በላይ የተባለውን ወደ ሥራ መለወጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሱሪና እጀ ጠባብ ከአቡጀዲ ይሰፋሉ፤ አዲስ ጨርቅ እጅግ ከነጣ በሻይ ቅጠል ውኃ ጥቂት ቢነከር የመንገድ መልክ ይይዛል። ለሸማው የአዋቂ ነጠላ ለሁለት ታጥፎ ለልጅ ይበቃል፤ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ከበዓሉ በኋላ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። አሮጌ ሰፌድ በጥቁር ጨርቅ ተለብጦ በጀርባው የቆዳ ወይም የጨርቅ መያዣ ሲሰፋበት ጥሩ ጋሻ ይወጣዋል፤ ጎበጥ ማለቱ ራሱ የጋሻን ቅርጽ ይሰጠዋል። ለብር ፈርጡ ከከረሜላ የተረፈ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይበቃል። ጦሩ ከሸምበቆ ይሁን፤ ጫፉም ከካርቶን እንጂ ከቆርቆሮ አይሁን፤ በልጆች ግፊያ መካከል ዓይን ይጠፋልና።

ለጎፈሩ ቃጫ ይመረጣል። ቃጫው በእርድና በቡና አተላ ውኃ ተፈልቶ ሲደርቅ የአንበሳ ጋማ ቀለም ይይዛል፤ ከዚያ በጨርቅ ቀለበት ላይ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይታሰራል። ለለምዱ የበግ አጎዛ ያለ እንደሆነ መልካም፤ ከሌለም ያረጀ ብርድ ልብስ በአጎዛ ቅርጽ ተቆርጦ አራቱ እግሮች እንዲንጠለጠሉ ይደረጋል። ዛሬ አንበሳና ነብር ከመጥፋት የሚጠበቁ የሀገር ሀብት ናቸውና እውነተኛ ቆዳ መፈለግ የሚመከር አይደለም። የዝናሩ ጥይቶች ከተቆራረጠ ሸምበቆ ይሠራሉ። የእግሩ ነገር ለወላጅ የተተወ ነው፤ ዘማቹ ባዶ እግሩን ነበር፤ ሆኖም በአስፋልትና በጠጠር ላይ ለሚውል ልጅ ቀላል ጫማ ቢደረግለት ታሪክ አይበደልም። ምክንያቱን ግን ይወቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ልጁ ራሱ በሥራው መግባቱ ነው። ቃጫውን ያቅልም፤ ክሩን በመርፌ ያስገባ፤ እንዝርት ያለበት ቤት ከሆነ አንድ ክንድ ፈትል ለመፍተል ይሞክር። ክሩ በእጁ ሲበጠስበት፣ አንድ ሸማ ስንት ድካም እንደሚጠይቅ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ማጠቃለያ

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ አሳሳቢ ነገር አለ። የበዓሉ ልብስ የገበያ ዕቃ እየሆነ በሄደ መጠን፣ የልብሱ ውበት የወላጅ ኪስ መለኪያ ይሆናል። ካባና ዘውድ የተገዛለት ልጅ ንጉሥ፣ ጋቢ የታጠቀው ልጅ «ምንም» ይሆናል። ጋቢ የታጠቀው በጓደኞቹ መካከል አፍሮ ከሰልፉ ጥግ ከቆመ፣ በዓሉ በከበረበት ቀን የበዓሉ ትርጉም ተገልብጧል። ከአድዋ ተራሮች ላይ የወደቀውና ድሉን ያስገኘው በአብዛኛው እንደዚያ የለበሰው ሰው ነውና።

ስለዚህ መምህራን ልጆቹን ሲያሰልፉ ድርሻውን ቢያበዙት መልካም ይሆናል። ነጋሪት የሚጎስም፣ እንቢልታ የሚነፋ፣ ውኃ የምትሸከም፣ ስንቅ የምትቋጥር፣ የምትፈትል፣ የሚሸምን፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ አዋጅ የሚናገር ልጅ ይኑር። ንጉሡና እቴጌይቱም በመካከላቸው ይቁሙ። እያንዳንዱ ልጅ የለበሰውን ልብስ ስም፣ ከምን እንደተሠራና ማን እንደሠራው በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ቢደረግ፣ የአንድ ቀን ትርኢት የአንድ ዓመት ትምህርት ያህል ይጠቅማል። ወላጆችም ወደ ገበያ ከመሮጣቸው በፊት አያቶችን ይጠይቁ፤ መታጠቁን፣ ማደግደጉን፣ የጥለቱን አቅጣጫ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ አሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይኖሩም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው አበው የተናገሩትን እኛ ዘወትር ስለ አንድነት ስንጠቅሰው ድሩን የፈተለችውን እንረሳታለን። በመጪው የካቲት ለልጆቻችን ልብስ ስንሰፋ እሷን ከስሟ ባናውቃት እንኳ ከሥራዋ እናንሣት።